የሲኮች ሠርግ ጭፈራ ብቻ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ሕንድ ፑንጃብ ሲኮች (የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች) ሠርግ ያወጣችሁት ጽሑፍ ስለ ጥምጥሙ ቀለምና ስለ ጭፈራው ብዙ ብሎ ዋናውን ነገር ዘሎታል። ጋብቻው የሚጸናው ሙሽሮቹ ጉሩ ግራንት ሳሂብ የተባለውን ቅዱስ መጽሐፍ አራት ጊዜ ሲዞሩ ነው። ሙሽሪት የሙሽራውን ነጠላ መሰል ልብስ ጫፍ ይዛ ትከተለዋለች፤ በየዙሩም አራተኛው ጉሩ (የሃይማኖቱ መሪና መምህር) ራም ዳስ ከደረሷቸው አራት መዝሙሮች አንዱ ይነበባል፣ ይዘመራልም። ሕፃን ሲወለድም ይኸው መጽሐፍ እንዳጋጠመ ይገለጥና የተገለጠው መዝሙር የመጀመሪያ ፊደል የስሙ መነሻ ይሆናል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1699 በፑንጃቧ አናንድፑር ከተማ የተጀመረው፣ ምእመኑ ወደ ሲኮች ማኅበር የሚገባበት የአምሪት ሥርዓት ግን ጨርሶ አለመነሳቱ አሳዝኖኛል። በብረት ሳህን ውኃና ስኳር በሰይፍ እየተማሰለ ጸሎት ይደገምበታል፤ ከዚያ ሁሉም ከአንዱ ሳህን ይጠጣሉ። ሰው በዘር ተዋረድ አብሮ በማይቀምስበት አገር ይህ ታላቅ ድፍረት ነበር። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አሟሉት።

አክባሪ አንባቢያችሁ