ኦሃዮ ለቀስት አደን ለምትሄደው ልጄ

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

በስልክ የነገርሽኝን ሳሰላስለው ሰነበትኩ። ከጓደኛሽ ጋር ኦሃዮ ድረስ ነድታችሁ፣ በመንግሥት ደን ውስጥ፣ በቀስት አጋዘን ልታድኑ። በጣም ደስ ብሎኛል። ጉልበቴ ባይከዳኝ አብሬሽ ነበር የምሄደው። እሱ ካልሆነ ግን የማውቀውን ልጻፍልሽ፤ በስልክ ሲሆን ግማሹ ይረሳል።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ጫካ ውስጥ ሰው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ይጓጓል። ስድስት ሰዓት ያህል ነድተሽ፣ ከሥራ ዕረፍት ወስደሽ፣ ለፈቃድ ከፍለሽ ባዶ እጅሽን መመለስ ያናድዳል። እንዲህ ባለ ስሜት ውስጥ የሚወሰን ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥሩ አይሆንም። ስለዚህ መወሰን ያለበትን እቤትሽ ቁጭ ብለሽ፣ ቡናሽን እየጠጣሽ ወስኚ። የትኞቹን ቀናት፣ የትኛውን ቦታ፣ ከስንት ያርድ ፍላጻ እንደምትለቂ፣ ምን ዓይነት ምት እንደማትሞክሪ። እዚያ ስትደርሺ የወሰንሽውን መፈጸም ብቻ ይቅርሽ።

ከቀኑ ልጀምር። ለታንክስጊቪንግ፣ ለኖቬምበር መጨረሻው የምስጋና በዓል ሳምንት አስበነዋል ብለሽኛል። እኔ ብሆን ከኖቬምበር 5 እስከ 13 ባለው እሄዳለሁ። አጋዘን ለመዳራት የሚነሳሳው ቀኑ እያጠረ ሲመጣ ነው። ብዙ ሰው ብርዱ ይመስለዋል፤ ዋናው ግን የብርሃኑ ማነስ ነው። በዚያ አካባቢ አብዛኞቹ ሴት አጋዘኖች ከወንዱ ጋር የሚገናኙት በኖቬምበር አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ወንዱ ሴት ፍለጋ ሲንከራተት ይውላል። ሌላ ጊዜ ካልጨለመ ከጥሻው የማይወጣው ትልቁ ወንድ በእኩለ ቀን ሲያልፍ ልታዪው ትችያለሽ። በነዚያ ቀናት ለምሳ ብለሽ ከዛፍ ላይ መቀመጫሽ አትውረጂ። ምሳሽን ይዘሽ ውጪ።

ከታንክስጊቪንግ በኋላ ባለው ሰኞ ደግሞ የጠመንጃው ወቅት ይከፈታል። ያኔ ደኑ በሰው ይሞላል። የጾሙንም ነገር አስቢበት። የጽጌ ጾም ኅዳር 5 ያበቃል፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15፣ ማለትም ኖቬምበር 24 ይገባል። እኔ ባልኩሽ ቀን ከተመለስሽ ሥጋው በሁለቱ ጾም መካከል ይደርሳል፤ ቤተሰቡ አብሮ ይበላል። እንዳንቺ ዕቅድ ከሆነ ግን ገና እስኪደርስ ፍሪዘር ውስጥ ነው የሚሰነብተው።

አንድ ነገር ልብ በይ። በኖቬምበር አጋማሽ አንዱን ቅዳሜና እሑድ ኦሃዮ ለወጣቶች የጠመንጃ አደን ትከፍታለች። ያኔ ቀስት የያዘ አዳኝም ብርቱካናማ የመልበስ ግዴታ አለበት። ባይገጥማችሁም ሰደርያውን ያዢ፤ ስትገቢና ስትወጪ ልበሺው። አጋዘን ብርቱካናማን ደህና አድርጎ አይለይም። ሰማያዊን ግን ጥርት አድርጎ ያያል፣ ስለዚህ ጂንስሽን እቤት ተዪው።

የቦታ ምርጫሽን ወድጄዋለሁ። ዌይን ብሔራዊ ደን አተንስ፣ ማሪዬታና አይረንተን አካባቢ ተከፋፍሎ የሚገኝ፣ ከ240 ሺህ ኤከር የሚበልጥ መሬት ነው። አንድ ወጥ ደን እንዳይመስልሽ ግን። ካርታው ላይ ስታዪው እንደ ተጣፈ ጋቢ ነው፤ በመንግሥቱ መሬት መሃል የግለሰብ መሬት ይገባል። ኦሃዮ ውስጥ በግለሰብ መሬት ላይ ለማደን ከባለቤቱ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋል። የወጋሽው አጋዘን ሮጦ ድንበር ቢሻገርም ዘለሽ አትገቢም፤ ባለቤቱን ፈልገሽ ታስፈቅጃለሽ። ስለዚህ ከመጀመሪያውም ከድንበሩ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ስልክሽ ላይ አውርጂው። ሸለቆዎቹ ውስጥ ኔትወርክ አይጠበቅም።

ስለዚያ መሬት ትንሽ ልንገርሽ፣ ስለምወደው ነው። ድሮ እንዲህ የለማ ደን አልነበረም። ዛፉ ተጨፍጭፎ፣ የድንጋይ ከሰሉ ተቆፍሮ፣ ብዙ ገበሬ ጥሎት የሄደ ነበር። በ1911 የወጣ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት በምሥራቁ በኩል እንዲህ ያለ መሬት እየገዛ ደን እንዲያደርግ ፈቀደ፤ የዌይን መሬት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ተገዛ። አጋዘኑም በ1904 ከኦሃዮ ጠፍቶ ነበር። እንደገና መጥቶ፣ ተጠብቆ፣ በ1943 አደኑ በሦስት ካውንቲዎች ብቻ ተፈቀደ። ዛሬ በመላ ግዛቱ ይታደናል። ደጋን ሲሸጥ አምራቹ 11 በመቶ ቀረጥ ይከፍላል። ዋጋው ውስጥ ስለሚገባ ከፋይዋ አንቺ ነሽ፤ ገንዘቡም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ለግዛቶቹ ይከፋፈላል። አገር ቤት የደጋ አጋዘን የሚያድነው ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ የሚመጣ የውጭ ሰው ነው። እዚህ ግን ፓርኪንግ ሠርቼ ያሳደግኩሽ አንቺ፣ ከሐኪምና ከጠበቃ ልጅ እኩል ገብተሽ ታድኛለሽ። ይኼ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

የማዕድኑ ነገር አሁንም አልጠፋም። ውሃው ብርቱካናማ ሆኖ የሚፈስ ጅረት ካየሽ ከአሮጌ የከሰል ጉድጓድ የሚወጣ ነው። አትጠጪው። መሬቱ የሰመጠበት አካባቢም አትራመጂ።

ካርታ ላይ ቢያንስ አምስት ቦታ ምልክት አድርጊ። ጠዋት ደርሰሽ መኪና ቆሞ ካገኘሽ፣ ሰውዬው ቀድሞሻል። ሰላም ብለሽ ወደ ሁለተኛው ሂጂ። የመጀመሪያውን ቀን ግማሹን ለእግር ጉዞ መድቢው። የነጭ ኦክ ፍሬ የወደቀበትን ፈልጊ፤ ከቀይ ኦክ ይልቅ ምሬቱ ያነሰ ስለሆነ አጋዘን ይመርጠዋል። ወንዱ መሬቱን በኮቴው የጫረበትንም ፈልጊ። ቅጠሉ ተጠርጎ፣ ጥቁር አፈር ወጥቶ፣ ከበላዩ በአፉ ያኘከው ቀንበጥ ተንጠልጥሎ ታገኚዋለሽ። ጎንበስ ብለሽ አሽቺው። ሽንቱ ከሸተተሽና አፈሩ እርጥብ ከሆነ ቅርብ ጊዜ ነው የመጣው። እጅሽን ግን ቀንበጡ ላይ አታሳርፊ። በቆሎ መበተን በመንግሥት መሬት ላይ ክልክል ነው፤ ዛፍ ላይም ሚስማር ወይም ቡሎን አታስገቢ።

አሁን ወደ ነፋሱ ልምጣ። የአጋዘንን ዓይን ማታለል ይቻላል፣ ጆሮውንም እንዲሁ። አፍንጫውን ግን አታታልዪውም። ኮረብታማ አገር ላይ የትንበያውን የነፋስ አቅጣጫ ብቻ ካመንሽ ጉድ ትሆኛለሽ። ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት ከሸንተረሩ ከፍ ብለሽ፣ አጋዘኑ ከበታችሽ እንዲያልፍ ሁኚ። ማታ ተቃራኒውን አድርጊ። ከደብዳቤው ጋር በላስቲክ የላክሁልሽ ሚልክዊድ የሚባለው ተክል ጥጥ ነው። ዛፍ ላይ ሆነሽ አንድ ቁንጥር ልቀቂና በዓይንሽ ተከተይው። መጀመሪያ ወደ ግራሽ ይሄዳል፣ ገደሉ አፋፍ ሲደርስ ይዞራል፣ አንዳንዴም ቁልቁል ሄዶ ተመልሶ ወዳንቺው ይመጣል። ጠረንሽ የሚሄደው እንደዚያ ነው። ጥጡ አጋዘኑ ይመጣበታል ብለሽ ወዳሰብሽው መንገድ ከሄደ፣ ቦታው የቱንም ያህል ቢያምርሽ ውረጂና ቀይሪ።

የዛፍ መቀመጫው ላይ አልደራደርም። የደህንነት ቀበቶሽን እግርሽ መሬት እንደለቀቀ እሰሪ፤ ላይ ከደረስሽ በኋላ አይደለም። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሲወጣና ሲወርድ ነው። ደጋንሽን በገመድ ሳቢው፣ ይዘሽው አትውጪ። ብትወድቂና ተንጠልጥለሽ ብትቀሪ እግርሽን የምትረግጪበት ማሰሪያ ኪስሽ ውስጥ ይኑር። ደም እግር ላይ ከተጠራቀመ ቀበቶው ራሱ ይጎዳሻል።

ምቱ። ሜዳ ላይ ከ40 ያርድ ስትመቺ አይቼሻለሁ፣ እጅሽ ጥሩ ነው። ጫካ ውስጥ ግን ከ25 ያርድ በላይ አልለቅም በይና አሁኑኑ ቁረጪ። ጎኑን የሰጠሽን፣ ወይም ፊቱን ከአንቺ ትንሽ አዙሮ የቆመውን ብቻ ምቺ። ፊት ለፊት የቆመውን ተዪው፣ ቀንዱ ምንም ቢያክል። ጥይት በኃይሉ ያደቅቃል። ፍላጻ የሚገድለው ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው፤ ከትከሻው ጀርባ ሳንባውን ካላገኘ እንስሳው ይሰቃያል።

ከመታሽው በኋላ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ልብሽ ይመታል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ የሁሉም ነው። ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ውረጂና ፍላጻሽን ፈልጊ። ደማቅ ቀይ ሆኖ አረፋ ያለው ደም የሳንባ ነው፤ ሩቅ አልሄደም። ጠቆር ያለ ከሆነ ጉበት ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ሰዓታት ጠብቂ። አረንጓዴ ነገር ካለበትና ከሸተተሽ አንጀቱን ነው ያገኘሽው። ያኔ ስምንት ሰዓትም አሥራ ሁለት ሰዓትም ቢሆን ትጠብቂያለሽ። ማታ ከሆነ እስኪነጋ ትተዪዋለሽ። ቶሎ ከተከተልሽው ተነስቶ ይሄዳል፣ እንደገና ላታገኚው ትችያለሽ። በጣም ከባዱ ነገር ይኼ መጠበቅ ነው። ከጓደኛሽ ጋር ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

በኦሃዮ በዓመት ከአንድ ባለቀንድ በላይ አይፈቀድም፤ ሁለታችሁም የትኛውን እንደምትፈልጉ ወስኑ። እኔን ከጠየቅሽኝ ጥሩ ሴት አጋዘን ካለፈች አትተያት፣ ሥጋዋ ለስላሳ ነው። የሚፈቀደው ቁጥር በየካውንቲው ስለሚለያይ ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ሳምንት እንደገና እዩት። በ2025 ኦገስትና ሴፕቴምበር ገደማ በትንኝ መሰል ነፍሳት የሚተላለፈው ኢኤችዲ የሚባለው በሽታ አተንስና ሜግስ አካባቢ አጋዘኑን ክፉኛ ፈጅቶ፣ ግዛቱ ቁጥሩን ወቅቱ ከተጀመረ በኋላ ቀንሶታል። የአዳኝ ትምህርት ሰርተፊኬትሽ እዚያም ይሠራል፣ ፎቶ አንስተሽ ያዢው። የገደልሽውን በማግስቱ እስከ እኩለ ቀን በስልክ ማስመዝገብ አለብሽ። ኔትወርክ ወዳለበት ቶሎ ውጪ።

ሥጋውን እዚያው ከአጥንቱ ለይታችሁ አምጡት። ጭንቅላቱንና የጀርባ አጥንቱን ይዛችሁ ግዛት አታቋርጡ። ሲደብሊውዲ የሚባለው የአጋዘን የአንጎል በሽታ የሚተላለፈው እንዲህ ባለው ቅሪትም ስለሆነ፣ ብዙ ግዛቶች ሙሉ በድን ማስገባትን ይከለክላሉ። አጥንቱ የወጣለት ሥጋና አንጎል የሌለው ንጹሕ የራስ ቅል ከነቀንዱ ይፈቀዳል። ሥጋው ወዲያው ይቀዝቅዝ። በረዶው ሲቀልጥ ውሃውን አፍስሺ፣ ሥጋው አይዋኝ።

እናትሽ ይበላል ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ኦሪት ዘዳግም 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ተቆጥረዋል፣ አንብቤላታለሁ። ጥሬውን ግን አደራ! ጓደኞችሽ ጥሬ እንብላ፣ ክትፎ እናድርገው ቢሉሽ እምቢ በይ። የዱር ሥጋ ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖረው ስለሚችል በደንብ መብሰል አለበት። ስቡ ጥቂት ነው፤ በቂቤ ጥብስ ይሆናል፣ ለቋንጣ ፍርፍርም የሚያህለው የለም።

መንገዱ። ሩት 50 የሚባለው አውራ ጎዳና ከኛ ሰፈር ተነስቶ አተንስ ድረስ ይሄዳል። ዌስት ቨርጂኒያ ተራራው ላይ ግን ጥምዝምዙ ብዙ ነው። በ68 ቁጥር አውራ ጎዳና ሄዳችሁ፣ በ79 ወርዳችሁ፣ ክላርክስበርግ ላይ 50ን ያዙት። በዚያ ወር አጋዘን መንገድ ላይ ዘሎ ይገባል፤ ሲመሽ አትንዱ።

ሌላው ነገር፣ የኛ መልክ እዚያ ገጠር አይበዛም። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ግን ምን ትሠሪያለሽ ሊልሽ ይችላል። ፈቃድሽን ደረትሽ ኪስ ውስጥ አድርጊ፣ ቀድመሽ ሰላም በይ፣ ከማንም ጋር አትከራከሪ። የዱር እንስሳት ጥበቃ መኮንን ካገኘሽ ደጋንሽን መሬት ላይ አስቀምጠሽ አናግሪው። መብትሽን ግን በልብሽ ያዢው።

መዥገር በኖቬምበርም አለ፣ ማታ ማታ ሰውነትሽን እዪ። ድንኳን ከመትከል ደግሞ ሞቴል ያዙ፤ የሞቀው ሰው ነው በማግስቱ በትዕግሥት የሚቀመጠው።

ያንቺን አምስት ቦታዎች ከነካርታቸው ላኪልኝ። በየቀኑ ከየትኛው እንደምትወጪ ጠዋት ቴክስት አድርጊልኝ፤ ማታ በዚህ አገር አቆጣጠር እስከ 8 ሰዓት ካልደወልሽ እኔ እደውላለሁ፣ ካልተገኘሽም ለሸሪፉ እደውላለሁ። ትልቁ ኩለር ጋራዥ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ለምሳ መጥተሽ ውሰጂው፤ ያን ጊዜ ቀበቶሽንም አብረን እናየዋለን።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናው።

አባትሽ