ስለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የአጭር ጊዜ ሥልጠና፦ ዲግሪ ይዘው ለመጡ ሥራ ፈላጊ ወገኖቻችን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ ባወጣችሁት ዕትም አንድ አንባቢ፣ ከሀገር ቤት በዲግሪ ተመርቆ የመጣ ሰው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሚባለው የአሜሪካ የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ ገብቶ የጥቂት ሳምንታት የሙያ ሥልጠና ቢወስድ የደከመበትን ትምህርት ማራከስ ይሆንበታል፣ በዝቅተኛ ደመወዝ ላይም ያስቀረዋል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ጸሐፊው ይህን ያሉት ለወገን ተቆርቁረው እንደሆነ ከአጻጻፋቸው ይታያል፤ የተማረ ሰው ዕውቀቱን ሳይሠራበት ዓመታት ሲያልፉ ማየት እኔንም ያመኛል። ይሁን እንጂ ሥራ አጥቶ ቤቱ የተቀመጠ አንድ ሰው እንኳ ይህን አንብቦ ሊመዘገብበት ያሰበውን ኮርስ ቢተው ጉዳቱ ቀላል አይደለምና፣ በራሴ የደረሰውንና ከዚያ ወዲህ የተረዳሁትን ለአንባቢዎቻችሁ እንድታካፍሉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እኔ ወሎ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለስምንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ቨርጂኒያ ከገባሁ በኋላ እንደ ብዙ ወገኖቼ በዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ የፓርኪንግ ሠራተኛ ሆንኩ። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ቢሮዎቹ ሲዘጉ መኪና የሚያቆም ሰው ጠፋ፤ ድርጅቱም አሰናበተን። የሁለት ልጆች አባት ነበርኩና ቶሎ ወደ ሥራ ለመመለስ ካለኝ ጉጉት የተነሣ፣ በማስታወቂያው ሥራ እንደሚያስገኝ ቃል የገባ አንድ የግል ማሠልጠኛ ዘንድ ሄጄ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ከፍዬ ተመዘገብኩ። ትምህርቱ በስድስት ሳምንት አለቀ፤ ማኅተም ያለበት ያማረ ወረቀትም ተሰጠኝ። ያንን ይዤ ሆስፒታሎች ዘንድ ሳመለክት ግን ሁሉም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፦ የየትኛውን የሙያ ማኅበር ፈተና አልፈሃል? እኔ ፈተና የሚባል ነገር እንዳለ እንኳ የነገረኝ አልነበረም።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። እኛ በአንድ ቃል ሰርተፍኬት የምንለው ወረቀት በዚህ ሀገር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው ኮርሱን የሰጠው ትምህርት ቤት ራሱ ተማሪው ትምህርቱን መከታተሉን የሚመሰክርበት ወረቀት ሲሆን፣ ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ያለው ክብደት አሠሪው ትምህርት ቤቱን በሚያውቀው መጠን ብቻ ነው። ሁለተኛው ከትምህርት ቤቱ ነጻ የሆነ የሙያ አካል ፈትኖ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው፤ ለምሳሌ በኮምፒውተር ጥገና ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ የሚባለው ሁለት ፈተና ታልፎ የሚገኝ ሲሆን፣ በየሦስት ዓመቱም ይታደሳል። ሦስተኛው መንግሥት የሚሰጠው ፈቃድ ነው፤ ያለ እርሱ መሥራት በሕግ ያስጠይቃል፤ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የዚህ ዓይነት ነው። ገንዘቡን ሊከፍል የተዘጋጀ ሰው ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚገዛ አስቀድሞ ካልጠየቀ፣ እኔ የደረሰብኝ ይደርስበታል።

በሚቀጥለው ዓመት በአካባቢዬ ወዳለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስሄድ ያገኘኋት አማካሪ መጀመሪያ የነገረችኝ ስለ ኮርሱ ሳይሆን ስለ ፈተናው ነበር። የመረጥኩት ስቴራይል ፕሮሰሲንግ የሚባለውን፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን አጥቦ፣ ፈትሾና ከማናቸውም ተሕዋስያን አጽድቶ ለሐኪሞቹ የማዘጋጀት ሙያ ነው። በዚህ ሙያ በስፋት የታወቀውን ማረጋገጫ ለማግኘት ፈተናውን ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ ሆስፒታል ውስጥ 400 ሰዓት በእጅ መሥራትም ግዴታ ነው። ፈተናውን ቀድሞ ያለፈ ሰው ጊዜያዊ ማረጋገጫ ይሰጠውና ሰዓቱን በስድስት ወር ውስጥ ይሞላል። ይህን አስቀድሜ በማወቄ፣ ሰዓቱን የት እንደምሞላ ሳላረጋግጥ አልተመዘገብኩም። ስለ ባክቴሪያ ስፖር፣ ስለ እንፋሎት ግፊትና ሙቀት ሲነሣ ደግሞ፣ ለስምንት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ትምህርት በእጄ ላይ ሥራ ሆኖ መጣ። ስለዚህ የተከበሩት ጸሐፊ ዕውቀትን ማራከስ ባሉት ነገር አልስማማም፤ የእኔ ዕውቀት ከፓርኪንግ ዳስ ወጥቶ አየር ያገኘው በዚያ ሥልጠና ነው።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ መነጋገር ይኖርብናል። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በኮሚዩኒቲ ኮሌጆቿ ፋስት ፎርዋርድ የሚባል አሠራር አላት። ተማሪው ሲመዘገብ የሚከፍለው የኮርሱን ዋጋ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ኮርሱን ካልጨረሰ ሌላ አንድ ሦስተኛ ይጠየቃል፤ ጨርሶ ማረጋገጫውን ካገኘ ግን የቀረውን ግዛቱ ይሸፍንለታል። ኮሌጁም ከግዛቱ የመጨረሻውን ድርሻ የሚያገኘው ተማሪው ማረጋገጫውን ሲይዝ ነው። እኔን ይህ አሠራር ደስ ያሰኘኝ ቅናሹ ብቻ አይደለም። ያ የግል ማሠልጠኛ ገንዘቤን በመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ ስለነበር እኔ ብወድቅም ብነሣም የሚጎድልበት ነገር አልነበረም፤ እዚህ ግን ኮሌጁ በእኔ ውጤት ውስጥ ድርሻ ነበረውና፣ አንድ ሳምንት ስቀር አማካሪዋ ደውላ ምን እንደገጠመኝ ጠይቃኛለች።

ከዚህ የሚበልጠው ዜና በማኅበረሰባችን ገና በሚገባ ያልተወራው የፌዴራሉ ነው። ፔል ግራንት የሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠውና የማይመለሰው የትምህርት ዕርዳታ፣ እስካሁን ከ15 ሳምንት ወይም ከ600 ሰዓት ለሚያንስ ሥልጠና አይሰጥም ነበር። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ወርክፎርስ ፔል የተባለ አዲስ ክፍል ጨምሮበታል፤ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከ150 እስከ 599 ሰዓት የሚወስዱ፣ ከ8 ሳምንት የማያንሱና 15 ሳምንት የማይሞሉ ሥልጠናዎች በዕርዳታው እንዲታቀፉ ይደነግጋል። እያንዳንዱ ሥልጠና በግዛቱ አስተዳዳሪ መጽደቅ አለበት፤ ከተመዘገቡት ቢያንስ 70 በመቶው መጨረስ፣ ከጨረሱት ደግሞ ቢያንስ 70 በመቶው ሥራ ማግኘት ይኖርባቸዋል፤ ዋጋውም ሥልጠናው በተማሪው ገቢ ላይ ከሚጨምረው ጥቅም መብለጥ የለበትም።

ለእኛ ዋናው ነገር በዚያው ሕግ ውስጥ ጥግ ላይ ያለ አንድ አንቀጽ ነው። በነባሩ ፔል ግራንት ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው አይረዳም፤ ዲግሪው ከጎንደር ወይም ከጅማ የተገኘና እዚህ ማንም አሠሪ ያልተቀበለው ቢሆን እንኳ እንዳለው ይቆጠርበታል። ስንቱ ወገናችን ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ሲሞላ በዚህ ጥያቄ ላይ ደርሶ ተመልሷል! ዲግሪው ሥራ አያስገኝለትም፤ ለአዲስ ትምህርት የሚረዳውን ገንዘብ ግን ያስከለክለዋል። በአዲሱ ወርክፎርስ ፔል ባችለር ዲግሪ መያዝ ክልከላ አይሆንም፤ የሚከለከለው ከዚያ በላይ የሆነ፣ እንደ ማስተርስ ያለ ዲግሪ የያዘው ነው። የተከበሩት ጸሐፊ የሚቆረቆሩላቸው፣ ዲግሪያቸውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጠው ታክሲ የሚነዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሩ የተከፈተላቸው በዚህ አንቀጽ ነው።

ሆኖም ችግሩንም አብሬ ካልተናገርኩ እንደዚያ ማስታወቂያ እሆናለሁ። የዕርዳታው መጠን በሥልጠናው ርዝመት ልክ ስለሚቀነስ፣ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው የሆነው 7,395 ዶላር ለአንድ አጭር ኮርስ ይገኛል ብሎ ማሰብ አይገባም። አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ፔል ግራንት ሊያገኝ የሚችለው ለ12 ሙሉ መንፈቅ ያህል ነውና፣ ለአጭር ሥልጠና የወሰደው ከዚያ ላይ ይነሣበታል፤ ወደፊት ነርስ ለመሆን ያሰበች እኅት ይህን ቆጥራ መጀመር አለባት። ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ በስደተኝነት ተቀባይነት አግኝተው የገቡና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ጉዳያቸው ገና በመታየት ላይ ያለ ጥገኝነት ጠያቂዎች ግን አያገኙትም። ይህ ቁጥራቸው ቀላል ላልሆነ ወገኖቻችን ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

የነርስ ረዳትነትን ለይቼ ማንሣት እፈልጋለሁ፤ ባለቤቴ የምትሠራው ይህንኑ ነው፣ ከሴቶቻችንም ብዙዎቹ የሚጀምሩት በእርሱ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለነርስ ረዳት የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ሲሆን፣ ግዛቶች ከዚያ በላይ ሊጨምሩበት ይችላሉ። ከ150 ሰዓት በታች የሚያልቀው ሥልጠና እንግዲህ ከአዲሱ ዕርዳታ ውጭ ነው። የሥራው ክብደትና የክፍያው ማነስ ደግሞ ሳይነገር የሚታወቅ ነው፤ አረጋዊ ሲያነሡ ሲያስተኙ የዋሉ ወገባቸው የሚነግራቸው ነገር አለ። የተከበሩት ጸሐፊ አጭር ሥልጠና ሰውን በዝቅተኛ ደመወዝ ላይ ያስቀረዋል ያሉት በዚህ ላይ እውነት አለው፤ አልክደውም። ችግሩ ግን ከሥልጠናው ማጠር ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከኮርሱ በኋላ የሚቆጠር ነገር ካለመኖሩ ይመጣል። ብዙ አጫጭር ኮርሶች ክሬዲት የሌላቸው በመሆናቸው፣ ያው ሰው በዚያው ኮሌጅ ለዲግሪ ሲመዘገብ ምንም እንዳልተማረ ሆኖ ከዜሮ ይጀምራል። በወርክፎርስ ፔል የሚታቀፍ ሥልጠና ወደ ቀጣይ ትምህርት በክሬዲት እንዲቆጠር ሕጉ ያስገድዳልና፣ ይህ በሥራ ላይ መዋሉን እኛ ተማሪዎቹ እየጠየቅን መከታተል አለብን።

ሥራ አጥ ለሆነ ሰው ሌላው ፍርሃት በሥልጠና ላይ እያለ ሳምንታዊው የሥራ አጥ ክፍያ ይቋረጥብኛል የሚለው ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ግዛቱ ባጸደቀው ሥልጠና ላይ ያለ ሰው ሥራ ባለመፈለጉ ምክንያት ብቻ ክፍያው እንዳይከለከል የፌዴራሉ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ማጽደቁ ትምህርቱ ሳይጀመር መጠየቅ አለበት። በየአካባቢው ያሉት አሜሪካን ጆብ ሴንተር የሚባሉት ቢሮዎች ይህን ከማስረዳታቸውም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የሠራተኛ ኃይል ሕግ መሠረት ብቁ ለሆነ ሥራ ፈላጊ የሥልጠና ገንዘብ ሊፈቅዱ ይችላሉ፤ የሚፈቅዱትም በግዛቱ ዝርዝር ውስጥ ለገባ ማሠልጠኛ ብቻ ነው። እኔ ያንን ዝርዝር አስቀድሜ አይቼው ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ገንዘቤ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር።

ቋንቋን በተመለከተ ብዙዎቻችን እንግሊዝኛዬ እስኪስተካከል ልቆይ እያልን ዓመታት እናሳልፋለን። በዋሽንግተን ግዛት፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲያትልም ጭምር፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ አይ ቤስት በሚባለው አሠራር አንዱ መምህር ሙያውን፣ ሌላው ቋንቋውን ይዘው በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ያስተምራሉ። ተማሪው ሙያውን ለመጀመር ቋንቋውን እስኪጨርስ አይጠብቅም። ይህ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ኮሌጆች ተስፋፍቶ ባይ ምኞቴ ነው፤ አሌክሳንድሪያና አናንዴል፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ ያሉት ግቢዎች ከቤታችን በአውቶቡስ የሚደረሱ ናቸው፤ ድምፃችንን ብናሰማ የሚሰማን ወኪል አለን።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ዝቅ አድርጎ ማየት ከየት እንደመጣብን አላውቅም፤ ምናልባት በሀገራችን ዩኒቨርሲቲ የገባና ያልገባ ተብሎ ሰው ይከፈል ከነበረበት ጊዜ ይሆናል። እዚህ ግን ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1947 እነዚህን ኮሌጆች በመላ ሀገሪቱ እንዲስፋፉ ሲመክር፣ ለአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ብቻ አላሰባቸውም፤ ለአዋቂውም ጭምር ነበር። በእኔ ክፍል ከነበርነው ውስጥ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ምግብ ቤቷ የተዘጋባት የኤል ሳልቫዶር እናትና ከኢራቅ የመጣ መሐንዲስ ይገኙበታል። አንዳችንም አንገታችንን አልደፋንም።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ ጋዜጣችሁን ሁለት ነገር እለምናለሁ። የመጀመሪያው፣ በየወሩ የኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ የምዝገባ ቀንና የጸደቁ ሥልጠናዎች ዝርዝር በአማርኛ የሚወጣበት አንድ ዓምድ እንድትከፍቱ ነው፤ እድሮችና አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችም ከጸሎት በኋላ ሊያነቡት የሚችሉት አጭር ጽሑፍ ቢሆን ይበቃል። ሁለተኛው፣ የማሠልጠኛ ማስታወቂያ ስትቀበሉ ተማሪው በመጨረሻ የሚፈተነው በየትኛው አካል እንደሆነ በማስታወቂያው ላይ እንዲጻፍ እንድትጠይቁ ነው። ዓምዱ ከተከፈተ መረጃውን ከኮሌጆቹ እየሰበሰብኩ ያለ ክፍያ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ፤ ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነጻ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የባዮሎጂ መምህር፣ ከስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ