ፎቶው ላይ ያለው ድንጋይ እኮ የሰው እርከን ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ሰላማችሁ ይብዛ።

ባለፈው እትማችሁ ላይ በአሮጌ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር የወሎን ገጠር እየዞሩ ድንኳን ተክለው ስለሚያድሩ ልጆች ያወጣችሁትን አነበብኩት። እኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ ያለኝ ሰው ነኝ፣ ደንበኞቼም ጋዜጣውን ይዘው እየመጡ አየኸው ወይ አየኸው ወይ ሲሉኝ ነው የዋሉት፣ ደስ ብሎኛል፣ ስለኛ አካባቢ ደግ ነገር ሲጻፍ ማን ይጠላል። ግን ፎቶው! ያቺ 40 ሲሪስ የሚሏት አሮጌ ሞዴል ላንድክሩዘር የፊት ጎማዎቿን ድንጋይ ላይ ሰቅላ፣ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እየሳቀ፣ ከስሩ እናንተ ደግሞ ምንም የማያግዳት ጀግና ምናምን ብላችሁ ጽፋችሁበታል። ያ ድንጋይ እኮ እርከን ነው።

ማንም የወሎ ሰው ሲያየው ያውቀዋል። ድንጋዩ በእጅ የተካበ ነው፣ ከጀርባው አፈር ተሞልቷል፣ አፈሩ ላይ የበቀለው ሳር ለከብት የሚታጨድ ነው። በየአመቱ ጥርና የካቲት ላይ የገጠሩ ሰው አካፋና ዶማውን ይዞ፣ ወንዱም ሴቱም፣ አበል የለ ደሞዝ የለ፣ ተራራውን ሲያስር ነው የሚከርመው፣ የተፋሰስ ስራ የሚሉት እሱ ነው። እዛ ላይ ሰውና እቃ ሲጫንበት ሁለት ቶን የሚያልፍ መኪና ሲወጣበት ካቡ ይናዳል። መናዱ ብቻ ቢሆን ተመልሶ ይካባል፣ ክፋቱ የጎማው ዱካ ነው። ጎማ የረገጠው አፈር ይጠቀጠቅና ውሃ ማስረግ ያቆማል፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ውሃው ሌላ ቦታ ምን አስኬደው፣ ያቺን ዱካ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፣ አንድ ሁለት ክረምት እንዲህ ካለ ቦረቦር ሆኖ ቁጭ። ቦረቦር ደግሞ አንዴ አፉን ከከፈተ ወደ ላይ እየበላ ነው የሚሄደው፣ ማሳውን ለሁለት ከፍሎት ታገኙታላችሁ።

ባለፈው በጋ ከደሴ ወደ ወረኢሉ በሚወስደው መንገድ ጉጉፍቱን አልፈን ስንሄድ አንድ አባት ከመንገዱ ዳር ጎንበስ ብለው ድንጋይ ሲያነሱ አየንና ቆምን። ዱላቸውን መሬት ላይ አጋድመው፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ የወደቀውን ድንጋይ አንድ በአንድ እያገላበጡ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም እያዩ ይመልሱታል። እንዴት ዋሉ አባቴ፣ ምን ሆኖ ነው አልኳቸው። "መኪና ወጣበት" አሉኝ። ምን ሊያደርግ ወጣ ስላቸው፣ "እኔንጃ ልጄ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተጨበጨበ፣ ሄደ።" በቃ ይቺው ናት መልሳቸው። ሳይቆጡ ነው ደግሞ። ቢጠይቁኝ እኮ በዚህ በበቅሎ መንገዱ አሳልፋቸው ነበር ብለው በእጃቸው አሳዩን፣ እውነትም ከእርከኑ በስተግራ ሰፋ ያለ የገበያ መንገድ አለ፣ መኪና ደህና አድርጎ የሚያሳልፍ። ከዛ ቤት ገብታችሁ ቡና ካልጠጣችሁ ብለው ያዙን፣ የወሎ ነገር።

ይሄን ስል መኪና የሚጠላ ሰው እንዳልመስላችሁ። እኔ እኮ እንጀራዬ ነው፣ ፍቅሬም ነው፣ ሚስቴ ምስክር ናት። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት ጠፍቶ ስለነበር ቦዲውን በአሉሚኒየም ነው የሰሩት፣ ለዛ ነው እስከዛሬ ሻንሲው በዝገት ተበልቶ ሲያልቅ ቦዲው ቀጥ ብሎ የሚቆመው። የቶዮታው 40 ሲሪስ ደግሞ ከ1960 እስከ 1984 (በፈረንጅ ነው የምላችሁ) ሲመረት ኖሯል፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር ስለሌለበት በካቻቢቴና በፒንሳ መንገድ ዳር ፈተህ ትገጥመዋለህ። እኛ አገር በ66ቱም በ77ቱም ድርቅ ጊዜ እርዳታ ይዘው ገጠር ለገጠር ሲዞሩ የነበሩት እነዚሁ መኪኖች ናቸው፣ በደርግ ጊዜ የራሺያው ዋዝ ተጨመረ፣ በዛን ዘመን ልጅ የነበረ የወሎ ሰው መኪናውን ሳያይ በሞተሩ ድምጽ ብቻ የቱ እንደሆነ ይነግራችኋል። ያኔ የነዷቸው ሾፌሮች ግን እርከን ላይ አልወጡባቸውም፣ እህል ነው ያደረሱባቸው።

እና እነዚህ መኪኖች ጥበባቸው ቀስ ማለት ነው፣ ጽሁፋችሁ ላይ የጎደለው ዋናው ነገር ይሄ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ፣ በመሀል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ጉጉፍቱ ስትደርስ ደግሞ ከደሴም በላይ ወጥተሃል። ካርቡራተር (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው) ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አስር ፐርሰንት ያህል ይተዋል፣ አየሩ እየሳሳ ቤንዚኑ ግን ያው ስለሆነ። ኮምቦልቻ ላይ አስተካክዬ የሰደድኩት መኪና ደጋ ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላውን ብትፈቱት ጥላሸት ለብሷል፣ ሾፌሩ ግን ሞተሩ ደከመ ብሎ አብዝቶ ይረግጣል፣ ሲረግጥ ይባስ ያፍናል። ወደ ባቲ ስትወርዱ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ በሙቀቱ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ይተንና መኪናው ድንገት ጸጥ ይላል፣ ያኔ ኮፈኑን ከፍቶ እስኪበርድ መጠበቅ ነው እንጂ እስታርተር መደብደብ ባትሪ መግደል ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርዱ ያለውስ። የጥንቶቹ አራቱም ጎማ ላይ ድራም ፍሬን ነው ያላቸው፣ ድራም ደግሞ ከጋለ አይዝም፣ ስትረግጠው እንጨት የረገጥክ ነው የሚመስልህ። ስለዚህ በወጣህበት ማርሽ ነው የምትወርደው፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝሃል። ይሄን የገጠር ፒካፕ የሚነዳ የአስራ ዘጠኝ አመት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ ከተማ በአውቶማቲክ የተማረ ሰው ግን ፍሬኑ ላይ ተኝቶ ነው የሚወርደው፣ ሽታው ቀድሞት ይደርሳል።

ፎር ዊሉም እንደዛው። እነዚህ መኪኖች ላይ ወርደህ የፊት ጎማውን ሃብ (ጎማው መሀል ያለውን መቆለፊያ) በእጅህ ትቆልፋለህ፣ ከዛ ሎው (ከባዱን ማርሽ) አስገብተህ ነዳጅ ሳትረግጥ ማለት ይቻላል፣ ሰው በእግሩ ከሚሄደው ባልፈጠነ ፍጥነት ድንጋዩን አንድ በአንድ ታልፈዋለህ። የጎማውን አየር 35 ፒኤስአይ የነበረውን ወደ 20 አካባቢ ብታወርደው ድንጋዩን አቅፎ ይይዛል፣ ስትመለስ በፖምፓ ሞልተህ ነው አስፋልት የምትወጣው። አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ መሄድ ደግሞ የለም፣ የፊትና የኋላው እኩል ካልዞረ እርስ በርሱ ይጠማዘዛል። አስቸጋሪ ቦታ ሲመጣ መጀመሪያ ወርደህ በእግርህ ሄደህ ታየዋለህ፣ ወርደህ ስታይ ደግሞ እርከኑንም ታየዋለህ፣ የበቅሎ መንገዱንም ታየዋለህ፣ ገበሬውንም ታገኘዋለህ። በመስኮት አንገት አውጥቶ መሳቅ ምንም አያሳይም።

በጉልበት የሚወጣውን ጋራዥ ሲመጣ አውቀዋለሁ፣ መናገር አያስፈልገውም። በቅርብ አንዱ ፊት ለፊቱ ካ ካ ካ የሚል ድምጽ ይዞ መጣ፣ አስፋልት ላይ ነው የተበላሸብኝ አለ፣ እሺ ብዬ የፊት አክሰሉን ፈታሁት፣ ግራሶውን በጨርቅ ስጠርገው መገጣጠሚያው ውስጥ ያሉት የብረት ኳሶች ከቤታቸው ወጥተው አንዷ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ይሄ ስብራት መሪው ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ ጎማው ከፍ ያለ ነገር ተደግፎ ነዳጅ ሲደፈጠጥ ነው የሚመጣው፣ አስፋልት እንዲህ አይሰብርም። ባሌስትራው መሀል ደግሞ ሳር ከነአፈሩ ተሰክቷል። አላዋረድኩትም፣ ሒሳቡን ነገርኩት። የ40 ሲሪስ የፊት አክሰል እቃ ዛሬ እንኳን ዋጋው፣ መገኘቱም ጭንቅ ነው፣ አዲስ አበባ ሰው ልኮ ያፈላለገ ያውቀዋል።

ወቅቱን በሚመለከትም አንድ ነገር አለኝ። ደጋው ወሎ ብዙው በበልግ የሚኖር ነው፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ዝናብ ጠብቆ የሚዘራ፣ ሌላው አገር በጋ ነው ብሎ ሲዝናና እዚህ ማሳው እርጥብ ነው። ክረምቱማ ይታወቃል፣ ዋልካው ጎማውን ለብሶ መኪናው እንደ በረዶ ይንሸራተታል፣ ለመውጣት ሲታገል የሚቆፍረው ጉድጓድ አመቱን ሙሉ አይደፈንም። ደህናው ጊዜ ጥቅምት ከተጋመሰ እስከ ጥር ነው፣ እሱም አዝመራ ያልተነሳበት ማሳ አጠገብ ካልሆነ። ብርዱን ግን ቻሉት፣ ህዳር ታህሳስ ላይ ደጋ ያደረ ሰው ጠዋት የጀሪካኑ ውሃ በረዶ ሰርቶ ሊያገኘው ይችላል፣ ስስ ድንኳን ይዞ ወጥቶ ወሎ በረደኝ ማለት የለም።

ለማደር ለማደር ሐይቅና አርድቦ የሚባሉትን ሁለቱን የውሃ ዳሮች የሚያክል የለም፣ እኔም ከቤተሰብ ጋር እሄዳለሁ። ግን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ቦታ ነው፣ መነኮሳት ሌሊት ለጸሎት ይነሳሉ፣ እዛ ማዶ የመኪና በር ከፍቶ ሙዚቃ መልቀቅ ምን የሚሉት ነው። ወዲህ ደግሞ የሸኾች አገር ነው፣ ዱዓ የሚደረግበት ዛፍ ስር ቢራ ይዞ አይቀመጡም፣ ማንም ባይናገራችሁ ይሉኝታ ይዞት ነው። እንጨት ከፈለጋችሁ ባህር ዛፍ የሚሸጥ ገበሬ አለ ግዙት፣ ጥድ አትንኩ። ሳር ሜዳ አገኘን ብላችሁ የምትተኙበት የበሬ ግጦሽ ነው፣ ጠይቁ፣ ማንም እምቢ አይላችሁም። ለቀበሌው መናገሩም አሁን ካለው ሁኔታ አንጻር ግዴታ ነው፣ ሳይታወቁ ጨለማ ውስጥ መኪና አቁሞ ማደር ለነሱም ስጋት ነው ለናንተም፣ መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው ብሎ ጠዋት ሳይደውሉ መውጣትም አይገባም።

የወረዳዎቹ ባህልና ቱሪዝም ደግሞ ይሄን ቢያስቡበት። አርድቦ ዳር አንድ ቦታ ተከልሎ፣ ሽንት ቤት ተቆፍሮ፣ የአካባቢው ልጆች ተደራጅተው የማደሪያ እየተቀበሉ እንጨትና ውሃ ቢሸጡ፣ ወደ ደጋው ለሚወጣ ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ ልጅ መኪናው ውስጥ አብሮ ቢቀመጥና የቀን ሒሳቡ ቢከፈለው፣ ምን ይጎዳል። ልጁ የማን ማሳ እንደሆነ ያውቃል፣ የቱ ድልድይ እንደተሰበረ ያውቃል። የዛ አባት እርከንም አይፈርስም ነበር። ይሄ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም፣ አንድ ስብሰባ የሚጨርሰው ነው ብዬ ነው፣ ስብሰባውን ጠርተው ሻይ ጠጥተው ካልተበተኑ።

እናንተ ደግሞ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ስታወጡ መኪና ጎርፍ እያረጨ ወይ ካብ ላይ ተሰቅሎ ያለበትን ፎቶ ተዉት፣ ልጆቹ እሱን አይተው ነው የሚወጡት። ሃቡን ጎንበስ ብሎ የሚቆልፍ ሰው፣ ገበሬ መንገድ እያሳየው የቆመ ሾፌር ፎቶ ብታወጡ ያምራል፣ ከፈለጋችሁ ጋራዥ ድረስ ኑና አንሱ፣ ቡና አለ።

በመጨረሻ ማስተካከያ፣ ጽሁፉ ላይ አርድቦ ከሐይቅ በታች ያለ ነው ብላችኋል። አይደለም፣ አርድቦ ከላይ ነው ያለው፣ ሞልቶ ሲፈስ ውሃው በወንዝ ወደ ሐይቅ ነው የሚወርደው፣ ከሐይቅ ግን ወዴትም አይወጣም። እሱን በሚቀጥለው እትም አርሙልን።

አክባሪያችሁ
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ