ሽቦህን ከመብራት መስመር አርቅ

ልጄ፣ ሰላምህ ይብዛ። እኛ ደህና ነን፤ የድሬዳዋን ሙቀት ታውቀዋለህ።

አክስትህ እሁድ ዕለት ከሐረር ደውላ፣ ድንጋይ አስረህ ወርውረህ የመነጋገሪያ ሬዲዮህን የአንቴና ሽቦ በመብራት መስመር ላይ አሻግረህ እጎረቤት ዛፍ ላይ ወጥረሃል አለችን። እናትህ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ሽቦህን ከመብራት መስመር አርቅ። ዕድሜዬን ምሰሶ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። በየሰፈሩ የሚያልፈው ባለ 220 ቮልት ብቻ አይደለም፤ ከላይ 15 ሺህ ቮልት የሚሸከም መስመር አለ። ሽቦዬ ፕላስቲክ ለብሷል ብለህ አትዘናጋ፣ ያ ልባስ ይህን ኃይል አይችለውም። ሽቦውም ሆነ የተሸከመው እንጨት በየትኛውም በኩል ቢወድቅ መስመሩ ጋ መድረስ የለበትም።

ሬዲዮውን ተው አላልኩህም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ሲሞላ አንተ ገና ሕፃን ነበርክ። አክስትህ ያኔ ከወንዙ ማዶ ትኖር ነበር። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ በእግራችን የምንሻገረው ደቻቱ ቤቱን ከነሰዉ ጠርጎ ወሰደ፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ስልክ ብደውል አይሠራም። መብራት የለም። ዳር ቆሜ ስሟን ብጣራ ድምፄን ውሃው ዋጠው። ረፋድ ላይ የጎረቤት ልጆች ታቅፋ፣ እስከ ወገቧ ጭቃ ሆና አገኘናት። እስከዚያ ድረስ «በሕይወት አለች» የምትል አንዲት ቃል የሚያሻግርልኝ ሰው ቢገኝ ያለኝን ሁሉ እሰጠው ነበር። አምስት ኪሎ ስትማር ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ከሚባለው የአማተር (የትርፍ ጊዜ) ሬዲዮ ጣቢያ ወጥተህ፣ በአንድ ባትሪና በሽቦ ብቻ አገር ለአገር መነጋገር ይቻላል ስትለኝ እናትህ ጨዋታ መስሏት ነበር፤ እኔ የታየኝ ያ ሌሊት ነው።

ስለዚህ በደንብ ሥራው። በ7 ሜጋኸርዝ ሞገድ ለመነጋገር አንቴናው 20 ሜትር ያህል ሽቦ ይፈልጋል፣ ግቢህ ደግሞ ጠባብ ነው። በ14 ሜጋኸርዝ ብትጀምር ግማሹ ይበቃህ ነበር፤ ለቅርብ አገር ግን 7 ይሻላል እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ እውነትህን ነው። እንግዲያው መካከሉን በባሕር ዛፍ አጣና ከፍ አድርገህ ሁለቱን ጫፎች ወደ ጓሮ አዘንብላቸው። ሲተላለፍ ጫፎቹ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከፍተኛ ነውና የአከራይህ ልጆች እጅ አይድረስባቸው። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር፣ ነጎድጓዱን ሳትጠብቅ ገመዱን ከሬዲዮው ንቀልና ከቤት ውጭ ተወው። የሬዲዮ ፈቃዱ እጅህ እስኪገባ አድምጥ እንጂ አታስተላልፍ። ከሁሉም በፊት ግን ሽቦህን ከመብራት መስመር አርቅ!

እናትህ ሹራብና በርበሬ ልካለች፣ ቅዳሜ ከመናኸሪያ ተቀበል። ያንን ሽቦ ራስህ ላውርደው አትበል፣ ሲወርድ መስመሩ ላይ ይወድቃልና አትንካው፤ ዛሬውኑ የመብራት ኃይል ሠራተኞችን ጥራ፣ እነሱ ያውርዱት። አዲሱ ከመስመሩ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ለክተህ ጻፍልኝ።

አባትህ