በልጅ አፍ አይሳቅም

ልጄ ዘሀራ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ሻል ብሎታል። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ እንዳይሻክርብሽ ብዬ ነው።

ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው አንድ ነገር አወራኝ። ከከሚሴ ተዛውሮ የምታስተምሪው ክፍል የገባው ልጅ በኦሮምኛ ሲመልስልሽ «እንደ ሰው አውራ» አልሽው አሉ። ልጆቹ ሳቁ፣ አንቺም ሳቅሽ አሉ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ፣ በልጅ አፍ አይሳቅም።

ልጁ ደደብ አይደለም። ከሚሴ በኦሮምኛ ነው የተማረው፤ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ያነባል፣ ይጽፋል። አንቺ ዘንድ ሲመጣ 33ቱ ፊደል እያንዳንዱ በሰባት እየተባዛ 231 አዲስ ምልክት ሆኖ ጠበቀው። ልጅ በአፍ መፍቻው ይማር ያለው የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ተምረሽዋል።

በ1962 ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርቱ በአማርኛ ብቻ ነው፤ በግቢው ኦሮምኛ የተናገረ ይገረፋል። ስም ጻፊው እኔ ነበርኩ። ሰኞ ሰኞ ግመሉን እየነዳ ባቲ ገበያ የሚመጣው፣ አጎቴ እያልሽ ያደግሽው ሰው ያኔ አጠገቤ ነበር የሚቀመጠው። አንድ ቀን እናቱ ወተት በጮጮ ይዘው በአጥሩ በኩል ጠሩት። «እናቴ፣ መጣሁ» አላቸው፣ በኦሮምኛ። ከወተቱ ለእኔም ሰጠኝ። አረፋው ከከንፈሬ ሳይደርቅ ስሙን ጻፍኩት።

በማግስቱ ጠጠር ላይ አንበርክከው ገረፉት። አላለቀሰም። ሲነሳ ከጉልበቱ ላይ የተሰካውን ጠጠር በጥፍሩ እየነቀለ እኔን ያይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣም።

በ1971 መሠረተ ትምህርት በኦሮምኛም ሲጀመር፣ ጎረምሳ ሆኖ ማታ ማታ በፋኖስ ተማረ። ገበያ መሀል መጀመሪያ የጻፋትን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ፤ የእናቱ ስም ነበር። እሳቸው ግን ሞተው ነበር። ይቅር በለኝ ልለው አፌን ከፈትኩና ስለ በርበሬ ዋጋ ጠየቅሁት። እስከ ዛሬም አላልኩትም።

በልጅ አፍ አትሳቂ ዘሀራ። ሌላውም ሲስቅ ዝም አትበዪ። ይቅርታ የምትጠይቂው ቢሮ ጠርተሽ አይደለም፣ ያው ልጆቹ ባሉበት ነው። ከትምህርት በኋላ ግማሽ ሰዓት እየተቀመጥሽ ፊደል አስቆጥሪው። ደብተር ከሌለው ግዢለት። እናቱ ሲመጡ አንቱ በያቸው፤ ቡና ጋብዣቸው። ኦሮምኛ አልችልም አትበዪኝ፣ ባቲ ገበያ ያደግሽ ልጅ! ወረባቦ፣ ወረኢሉ፣ ለጋምቦ እያልን አገሩን የምንጠራው በማን ቋንቋ መሰለሽ? አያትሽን ጠይቂያቸው።

የጥቅምት ብርድ ስለገባ ቡሉኮውን በሹፌሩ ልኬልሻለሁ፣ ቅዳሜ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪ። በሶው ከውስጡ ተጠቅልሏል፣ እርጥበት እንዳይነካው። ዱዓችን ካንቺ አይለይም፤ የኔ ቆንጆ፣ የተቆጣሁት ስለምወድሽ ነው።

ከልጁ ጋር የሆናችሁትን ጻፊልኝ። በልጅ አፍ አይሳቅም ብያለሁ። እኔም ሰኞ ገበያ ወጥቼ ባለ ግመሉን እጠብቀዋለሁ።

አባትሽ