ይድረስ ለአባዬ፦ የልጅቷን ትምህርት በተመለከተ

ይድረስ ለተከበሩ አባዬ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «ሶሲዮሎጂ ተምራ ምን ልትሆን ነው?» ሲሉኝ ልጄ አጠገቤ ስለነበረች ዘርዝሬ አልመለስኩልዎትም። ሶሲዮሎጂ ሰዎች በማኅበር እንዴት እንደሚኖሩ የሚያጠና ትምህርት ነው።

ከባዱን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ሐኪም አትሆንም። እዚህ እንግሊዝ አገር ልጆች በ16 ዓመታቸው ሲክስዝ ፎርም የሚባለው ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለ ደረጃ ይገባሉ። ሁለት ዓመት ነው፣ አብዛኞቹም ሦስት ትምህርት ብቻ ይይዛሉ። እሷ የያዘችው ሒሳብ፣ ታሪክና ሶሲዮሎጂ ነው፤ ሕክምና የሚያስተምሩት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ባብዛኛው ኬሚስትሪ ይጠይቃሉ። ሕግ፣ ጋዜጠኝነት፣ ማኅበራዊ ሥራ መማር ትችላለች። ገና 17 ዓመቷ ነው፣ አልወሰነችም። እንደ እኛ አገር ናቹራልና ሶሻል ተብሎ አይከፈልምና «ሶሻል የሚገባው ናቹራል ያቃተው ነው» የሚለው እዚህ አይሠራም። (እዚያም ቢቀር ደስ ይለኛል።)

ደግሞ ቀላል እንዳይመስልዎት። የሶሲዮሎጂው ፈተና ሦስት ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት፣ ከ80 የሚታረም። ባለ 30 ማርክ ድርሰት አለው፤ የሸመደደ ብቻ አያልፈውም፣ መተቸት ግድ ነው። እርስዎ አስተማሪ ስለነበሩ አንዱን ላጫውትዎት። ሮዘንታልና ጃኮብሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ለአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች «እነዚህ ልጆች ዘንድሮ ይጎብዛሉ» ብለው ስም ዝርዝር ሰጡ። ስሞቹ የወጡት እንዲያው በዕጣ ነበር። በኋላ ሲፈተኑ ግን፣ በተለይ ትንንሾቹ፣ ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። በፈረንጆች 1968 የታተመ ነው፤ ብዙ ሰው ተችቶታል፣ እሷም ትችቱን ካልጻፈች ማርኩ ይጎድልባታል። ልማዱ እቤትም ገብቷል፤ እራት ላይ ሳይቀር «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» ትለኛለች።

ሰሞኑን የያዛት ግን ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆች 1957 ስለ ቤተሰብና ዝምድና ያወጡት ጥናት ነው። ቤትናል ግሪን የምሥራቅ ለንደን የሠራተኞች ሰፈር ነበር። ያገቡ ሴቶች ልጆች ከእናታቸው ቤት እምብዛም አይርቁም፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይገናኛሉ፤ የሚከራዩትን ቤት እንኳ ብዙ ጊዜ የምታስገኝላቸው እናት ናት፣ ኪራይ ሰብሳቢውን አነጋግራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሰፈሩ ርቆ ኤሴክስ በሚባለው አውራጃ ወደተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ሲዛወሩ ክፍሉ ሰፋ፣ ዘመድ ራቀ። ስታነብልኝ ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱት ጎረቤቶቻችን ትዝ አሉኝ። ለእድር እስካሁን ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ ብለውኝ አልነበር? ይህን ስነግራት ዓይኗ በራ።

ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ማለትና አንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ማለት ይለያያል ብለው ያስተምሯቸዋል። «የአያቴ እድርስ ማንን ነው ቤተሰብ የሚለው?» ብላ ያዘችኝ። እኔ ምን አውቄ! ለአማት የሚከፈለው ከእህትና ከወንድም ለምን እንደሚለይ የሚያስረዳት እርስዎ ነዎት፤ ስንት ዓመት የእድሩ ጸሐፊ ነበሩ። ወይዘሮዋ ያሳደጓት ልጅ ያረፈች ጊዜ፣ «የወለዷት አይደለችም፣ ይከፈል አይከፈል» ብላችሁ ያመሻችሁበትን ስብሰባም ይንገሯት። እኔ ልጅ ሆኜ ከበር ኋላ ነው የሰማሁት፣ መጨረሻውን አላውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትደውልልዎታለች። መጀመሪያ ፈቃድዎን ትጠይቃለች፤ «የልጅ ልጄ አይደለሽም ወይ?» ብለው እንዳይቆጧት፣ የሶሲዮሎጂ አጥኚዎች ደንብ ነው። የሰውም ስም አትጽፍም። ለማርክ አይደለም፣ ፈተናው ላይ እንዲህ ያለ ሥራ አይያዝላትም፤ ለማወቅ ብላ ነው። አማርኛዋ ሲያዝ ቶሎ አይሙሉላት፣ ትጨርሰው።

የሕክምናውን ነገር ግን አያንሱባት፤ እኔን ይቆጡኝ። መተዳደሪያ ደንቡን ከሣጥኑ አስወጥተው ይጠብቋት፤ አንቀጽ በአንቀጽ ነው የምትጠይቅዎት።

አክባሪ ልጅዎ
ከለንደን