ማርክ ሊስቱን ከመሳቢያ እናውጣው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ጋዜጣውም ሬዲዮውም በመቶኛ ይሞላል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ነበሩ። በ2015 ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም ሲባል አገር ደነገጠ። ትንሽ ተወራ። ከዚያ ተረሳ።

እኔ የሂሳብ መምህርት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 9ኛና 10ኛ ክፍል አስተምራለሁ። መቶኛውን ስሰማ እንደማንኛውም ሰው አዝናለሁ። ነገ ጠዋት ክፍል ስገባ ምን ላድርግ ለሚለው ግን መልስ አይሰጠኝም። ውጤቱ የሚመጣው ልጁ ከእጃችን ከወጣ በኋላ ነው። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ ደግሞ ከ8ኛ ክፍል ፈተና እስከ 12ኛ ድረስ ልጁ የት እንደደረሰ ከውጭ የሚነግረን የለም። አራት ዓመት ዝም ብለን ቆይተን መጨረሻ ላይ እንጮሃለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ልጁ ሊወድቅ መሆኑን ግን 9ኛ ክፍል በገባ በጥቂት ወር ውስጥ ማወቅ ይቻላል። መረጃው አለን። በየመሳቢያችን ተቀምጧል።

እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። መምህሩ ማርክ ሊስት ይሞላል። የክፍል ኃላፊው ወደ ሮስተር ይገለብጠዋል። ሪከርድ ክፍል ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባዋል። ድምር፣ አማካይና ደረጃ ይወጣል፤ ካርድ ይሞላል። ከዚያ ወንድ ስንት፣ ሴት ስንት፣ ከ50 በታች ስንት ተብሎ ለወረዳ ሪፖርት ይደረጋል። ወረዳው ለክፍለ ከተማ ይልካል። ወደ ላይ የሚሄደውን ሁሉ እናውቀዋለን። ወደ ታች፣ ወደ መምህሩ የሚመለስ ነገር ግን አላየሁም። የፈተና ወረቀቱም ታርሞ ለልጁ ይታያል፣ ተሰብስቦ ይታሰራል፣ ስቶር ይገባል። ዋናው መረጃ ያለው እዚያ የታሰረው ወረቀት ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት የ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ፈተና እንደታረመ የዲፓርትመንታችን መምህራን አንድ ነገር ለመሞከር ተስማማን። ድምሩን ትተን ጥያቄ በጥያቄ እንየው አልን። ባለ ካሬ ወረቀት አያይዘን፣ ወደ ታች የተማሪ ተራ ቁጥር፣ ወደ ጎን የጥያቄ ቁጥር ጻፍን። ስም አልጻፍንም። ልጁ የመረጠውን ፊደል በየሳጥኑ መሙላት ነው። አሰልቺ ሥራ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ከ50 በላይ ልጅ አለ፤ ቅዳሜያችን እዚያ ላይ አለቀ።

በስታፍ ስብሰባ ሁልጊዜ የሚባለው «የ9ኛ ክፍል ሂሳብ ከብዷቸዋል» ነው። ወረቀቱ ያሳየን ሌላ ነው። ኢኩዌሽን እንዴት እንደሚፈታ ብዙዎቹ ያውቃሉ። ደረጃ በደረጃ በትክክል ይሄዱና መጨረሻ ላይ ይወድቃሉ። -3 - 5 ላይ ሲደርሱ 8 ይላሉ። አንድ ሁለት ልጅ ቢሆን ግድ የለም። የክፍሉ ግማሽ የሚጠጋው ያንኑ የተሳሳተ መልስ ነው የመረጠው። ብዙ ልጅ አንድ ዓይነት ስህተት ላይ ሲገናኝ በግምት አክብቦ አይደለም፤ የያዘው ሕግ አለ ማለት ነው። «ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ፖዘቲቭ» የሚለውን የማባዛት ሕግ አምጥተው መቀነስ ላይ ይጠቀሙበታል። ክፍልፋይም እንዲሁ ነው። 1/2 + 1/3 ሲባሉ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምረው 2/5 ይጽፋሉ።

ይሄ የ9ኛ ክፍል ትምህርት አይደለም። እነዚህ ልጆች በ2012 ስንተኛ ክፍል ነበሩ ብዬ ወደኋላ ቆጠርኩ። አራተኛ ክፍል ናቸው። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ሁሉም ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወረ። ክፍልፋይ ሥር መያዝ ያለበት እዚያው ዕድሜ ላይ ነው። ጥፋቱ የኮሮና ብቻ ነው አልልም። ከእነሱ በፊት የነበሩትም 2/5 ይጽፉ ነበር። ቢያንስ ግን ጉድጓዱ የቱ ጋ እንደሆነ አሁን እናውቃለን።

ማጠናከሪያ ትምህርት ድሮም አለን። ቅዳሜ ጠዋት ይሰጣል። የሚሰጠው ግን በሳምንቱ ያለፈው ምዕራፍ እንደገና ነው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት። የገባው ይሰለቻል፣ ያልገባው አሁንም አይገባውም። በወረቀቱ መሠረት ከፋፈልናቸው። ኔጋቲቭ ቁጥር የቸገራቸው አንድ ክፍል፣ ክፍልፋይ የቸገራቸው ሌላ ክፍል ገቡ። ሦስተኛው ቡድን ደግሞ የእንግሊዝኛው ነው። እነዚህ ልጆች ጥያቄውን በቃል በአማርኛ ስንነግራቸው ይሠሩታል። በጽሑፍ ሲመጣ የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ያደናግራቸዋል። እነሱን ሂሳብ ደጋግሞ ማስተማር ልፋት ነው። የእንግሊዝኛ መምህራንን ለመንን፤ እሺ አሉን።

ከፋሲካ በኋላ ያንኑ ዓይነት ጥያቄ በሌላ ቁጥር ሰጠናቸው። ማርክ የለውም ብለን ነገርናቸው። የክፍልፋዩ ቡድን ደህና ሄዷል። ኔጋቲቩ ግን ብዙም አልተነቃነቀም። አንዴ የያዙት ሕግ ቶሎ አይለቃቸውም። ስለዚህ ዘንድሮ ለአዲስ ገቢዎች ገና በጥቅምት ጀመርን፤ ሕጉን ትተን በቁጥር መስመር ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያስኬድን ነው የምናስተምራቸው። እሱም ካልሠራ እንቀይረዋለን።

አቴንዳንስም ሌላው ያልተነበበ መረጃ ነው። ሁላችንም እንይዛለን። ወሩ ሲያልቅ የቀሩበት ቀን ተደምሮ ለዩኒት ሊደሩ ይሰጣል፣ ወላጅ አምጡ ይባላሉ፣ በቃ። አንድ የፊዚክስ መምህር ጓደኛዬ የክፍል ኃላፊ ነው። አቴንዳንሱንና በር ላይ የሚያዘውን የአርፋጆች መዝገብ ጎን ለጎን አድርጎ አየ። ስሞቹ ያው ናቸው፣ ቀኖቹም ያው። ቀሩ የተባሉት ልጆች መጥተዋል፤ በሩ ተዘግቶባቸው ነው የተመለሱት። ቀርቦ ሲያነጋግራቸው አብዛኞቹ ቤተሰባቸው ወደ ኮዬ ፈጬና ወደ ሌሎች ዳር ዳር ያሉ ኮንዶሚኒየሞች የሄደባቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ግን አልቀየሩም። ሁለት ቦታ ታክሲ ተሰልፈው ነው የሚመጡት። በዚያ ሴክሽን ደግሞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በሳምንት ብዙውን ቀን ፊዚክስ ነበር። ልጆቹ በፊዚክስ ወደቁ፤ ሰነፎች ተባሉ። ፊዚክሱን ግን አልተማሩትም!

ፕሮግራሙ ተስተካከለ፣ ፊዚክስ ወደ ሦስተኛና አራተኛ ክፍለ ጊዜ ሄደ። ሩቅ የሚመጡት ልጆችም በር ላይ እንዳይመለሱ ተፈቀደላቸው። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው ሁለት ደብተርና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

የአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ በትልቁ ሠርተውታል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ 9ኛ ክፍልን በቂ ክሬዲት ይዞ ያለ ብዙ ኤፍ የጨረሰ ልጅ፣ ካልጨረሰው ይልቅ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ በአራት ዓመት የመመረቅ ዕድል እንዳለው አሳይተዋል። የ8ኛ ክፍል ፈተናው እንኳ ይህን ያህል አይናገርም። ትምህርት ቤቶቹም ዓመቱ እስኪያልቅ አልጠበቁም። የ9ኛ ክፍል ልጆችን መቅረትና ማርክ ቶሎ ቶሎ እያዩ፣ መንሸራተት የጀመረውን ልጅ ያኔውኑ ይይዙታል። የእነሱ ገንዘብ የለንም። የሚያዩት ነገር ግን መቅረትና ማርክ ነው። ሁለቱም እኛ ጋ አሉ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ማርኩ እውነት ካልሆነ ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ዓመቱ ሲጀመር፣ ልጆቹ ገና ሳይመዘገቡ «ዘንድሮ ይህን ያህል በመቶ ተማሪ እናዛውራለን» ተብሎ ዕቅድ ይጻፋል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ወደ መቶ የተጠጋ ነው። ብዙ ልጅ የወደቀበት መምህር ለምን ተብሎ ይጠየቃል፤ የሥራ አፈጻጸም ውጤቱ ላይ ይቆጠርበታል። መምህሩ ምን ያድርግ? ለደብተር ማርክ ይሰጣል፣ ለግሩፕ ወርክ ይሰጣል፣ ተከታታይ ምዘናው ይሞላል፣ ልጁ ያልፋል። ከዚህ በፊት የሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት ማርክ ሊስት ካስረከብኩ በኋላ ተመልሶልኝ «አስተካክለሽ አምጪ» ተብያለሁ። አላስተካከልኩም። በዚያ ሴሚስተር የአፈጻጸም ነጥቤ ወረደ። ያስተካከሉትን አልፈርድባቸውም። የቤት ኪራይ አለባቸው፣ ልጅ አላቸው፣ ዕድገት ይጠብቃሉ።

ተጎጂው ግን ልጁ ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ አማካይ 80 ያለው ተማሪ ብሔራዊ ፈተና ላይ 35 ሲያመጣ ቤተሰቡ ፈተናው በደለን ይላል። ልጁን የበደለው አራት ዓመት ሙሉ «ጎበዝ ነህ» ያለው ካርድ ነው። በጊዜ ቢነገረው ኖሮ አጥንቶ ሊያስተካክለው ይችል ነበር።

ስለዚህ መምህሩን ለመቅጣት የምንጠቀምበት ቁጥርና ልጁን ለመርዳት የምንጠቀምበት ቁጥር ይለያዩ። አንድን ቁጥር ለሁለቱም ካደረግነው ለሁለቱም አይሆንም። የማዛወር መቶኛ ከመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ይውጣ። ይሄን የሚወስነው ትምህርት ቢሮ ነው፤ ገንዘብም አይፈልግም።

ጊዜ ደግሞ እንፈልጋለን። ለመምህራን ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ተመድቧል። እኔ እንዳየሁት አብዛኛው ፎልደር ለመሙላት ይውላል። ኢንስፔክሽን በ26 ስታንዳርድ ሲመዝነን የሚያየው ፋይል ነው፣ እኛም ፋይል እናዘጋጃለን። ከዚያ 60 ሰዓት ላይ የተወሰነው የልጆቹን መልስ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ይሰጠን። ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ ፎልደሩን ትቶ «ከፈተናው ምን አያችሁ? ምን ቀየራችሁ?» ብሎ ይጠይቀን።

የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትንም የምጠይቀው አለ። እስከ ዛሬ እጄ የገባው የብሔራዊ ፈተና ውጤት የትምህርት ዓይነት ነጥብ ብቻ ነው። ሂሳብ 38። ከዚህ ምን እማራለሁ? ልጆቻችን የወደቁት ካልኩለስ ላይ ይሁን፣ ፕሮባቢሊቲ ላይ ይሁን፣ 9ኛ ክፍል ባስተማርኩት ላይ ይሁን አላውቅም። ከ2016 ጀምሮ የተወሰነው ተማሪ ፈተናውን በኮምፒውተር እየወሰደ ነው። ማን የትኛውን ጥያቄ እንደሳተ ማሽኑ ያውቃል። ለየትምህርት ቤቱ በየርዕሱ ተጠቃሎ ይላክልን። ስም አያስፈልገንም።

የስም ነገር ከተነሳ፣ አንዳንድ ቦታ ሮስተር ከነስሙና ከነደረጃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ይቅር። 58ኛ መውጣቱን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያነበበበት ልጅ በማግሥቱ እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» አይልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም (ቁጥር 1321/2016) ከወጣ ቆይቷል። ውጤቱን ልጁና ወላጁ ብቻ ይዩት።

ወላጆች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ካርድ ለመውሰድ ስትመጡ መጀመሪያ የምትጠይቁን «ስንተኛ ወጣ?» ብላችሁ ነው። ደረጃው ሌሎች ልጆች ከእሱ እንደበለጡ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። «የትኛውን ነው ያልቻለው? ምን እየተደረገለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። ካርድ እስኪሰጥ አትጠብቁ፣ ኅዳር ላይ ኑ። መምህሩ መልስ ከሌለው ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱና በቀጠሮው ቀን ተመልሳችሁ ጠይቁት።

የሂሳብ መምህርት
አዲስ አበባ